ማሽኑ ሲለወጥ ጽሑፉ እንዳይጠፋ

በክረምቱ ዕረፍት ዳንግላ ላይ ለተሰበሰቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን የተደረገ ንግግር



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የኦፐሬቲንግ ሲስተም አመራረጥና በእጃችን ያሉት ፕሮግራሞች ዕጣ» የሚል ነው። ርእሱ ሲሰማ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የፈተና ወረቀት በኮምፒውተር የሚያዘጋጀውን መምህር፤ የመሥሪያ ቤቱን ቃለ ጉባኤ የምትጽፈውን ጸሐፊ፤ የነጋዴውን መዝገብ የሚይዘውን ሒሳብ ሠራተኛ፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ሌሊት ተቀምጦ የሚያጠናቅቀውን ተማሪ ሁሉ የሚነካ ጉዳይ ነው። ከነዚህ ሰዎች መካከል ግን ምርጫው በሚደረግበት ሰዓት ሐሳቡን የሚጠየቅ ብዙ ጊዜ አንድም የለም። ማሽኑ ይበላሻል፤ ወደ ጠጋኙ ይወሰዳል፤ «ፎርማት» ተደርጎ ይመለሳል፤ የጠፋው ምን እንደ ሆነ መቍጠር የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ይኸውም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከመምረጣችን በፊት ሥራችን በየትኛው ፕሮግራም ውስጥ እንደ ታሰረ ማወቅ፤ ከሁሉም አስቀድሞ ደግሞ ጽሑፋችንን ከእስራቱ መፍታት አለብን የሚል ነው። ጽሑፉ ከተፈታ የማሽኑ ምርጫ ቀላል ይሆናል። ጽሑፉ ሳይፈታ የሚደረግ ምርጫ ግን የትኛውም ቢሆን ኪሳራ ያመጣል።

ጥያቄው ለምን ተነሣ

እንደሚታወቀው በየመሥሪያ ቤታችንና በየትምህርት ቤታችን ያሉት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ የሚሠሩት በማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ነው። ኩባንያው ዊንዶውስ ኤክስፒን መደገፍ ያቆመው መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ነበር። ዊንዶውስ 7ን ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ተወ። ዊንዶውስ 10ን ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ተሰናበተው። ድጋፉ ቆመ ማለት ማሽኑ በማግስቱ ይሞታል ማለት አይደለም። ማሽኑ እንደ ወትሮው ይነሣል፤ ይጽፋል፤ ያትማል። ነገር ግን ለሌባ የሚመች ቀዳዳ በተገኘ ጊዜ የሚደፍነው የለም። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ፤ ከጽሕፈት ቤት ወደ ጽሕፈት ቤት በሚዞርበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እርግጥ ኩባንያው ለሚመዘገቡ የግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 2019 ዓ.ም.፤ ለድርጅቶች ደግሞ በክፍያ እስከ ጥቅምት 2021 ዓ.ም. የሚደርስ ተጨማሪ የጥበቃ እድሳት አዘጋጅቷል። ይህ ግን ጊዜ መግዣ እንጂ መፍትሔ አይደለም።

«ታዲያ ወደ ዊንዶውስ 11 እንሻገር» የሚል ይኖራል። ዊንዶውስ 11 በ2021 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ከ4 ጊጋባይት ያላነሰ ራም፤ ከ64 ጊጋባይት ያላነሰ ማከማቻ፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የጥበቃ ክፍል፤ በኩባንያው ዝርዝር ውስጥ የተመዘገበ ፕሮሰሰርም ይጠይቃል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ዝርዝሩ ውስጥ የሚገቡት በጠቅላላው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉት ናቸው። እነዚህ ደግሞ መታየት የጀመሩት በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ማሽን አካሉ ጤነኛ ቢሆንም «አይመጥንም» ተብሎ በር ላይ ይመለሳል።

አዲስ ማሽን ለመግዛት ደግሞ ዋጋው በውጭ ምንዛሪ የሚታሰብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፤ አስቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከዚያ በፊት በጀት የያዘ ትምህርት ቤት ሁለት ማሽን ይገዛበት የነበረው ገንዘብ አንድ እንኳ ለመግዛት ይቸግረዋል። ስለዚህ «ያለውን ማሽን ይዘን ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንጫንበት ወይ?» የሚለው ጥያቄ የአገር ገንዘብ ጥያቄ ነው።

ኦፐሬቲንግ ሲስተምና ፕሮግራም ምን ያገናኛቸዋል

ለመምህራኖቻችንና ከሌላ ክፍል ለመጡ ጓደኞቼ በአጭሩ ላስረዳ። ኦፐሬቲንግ ሲስተም በማሽኑ አካልና በፕሮግራሞቹ መካከል ቆሞ የሚያስተናብር ዋና ፕሮግራም ነው። የጽሕፈቱ ፕሮግራም ፋይል ለመክፈት ሲፈልግ ዲስኩን ራሱ አይነካም፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ይጠይቃል። ለማተም ሲፈልግም፤ የትኛው ቁልፍ እንደ ተመታ ለማወቅ ሲፈልግም እንዲሁ። እያንዳንዱ ሲስተም የራሱ የአጠያየቅ ቋንቋ አለው። ለዊንዶውስ የተሠራ ፕሮግራም የሚጠይቀው በዊንዶውስ ቋንቋ ነው። ሊኑክስ ላይ ቢወሰድ ጥያቄውን የሚሰማለት የለም። ክፋት አይደለም፤ አለመግባባት ነው።

በዳንግላ ገበያ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ነጋዴና አዊኛ ብቻ የሚናገር ገበሬ ቢገናኙ ምን ያደርጋሉ? አንድም አስተርጓሚ ይፈልጋሉ፤ አንድም ከሁለቱ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ይማራል፤ አንድም ነጋዴው ቋንቋውን ወደሚያውቅ ሌላ ሻጭ ይሄዳል። በኮምፒውተሩም ዓለም መንገዱ እነዚህ ናቸው። ዋይን የሚባለው ፕሮግራም አስተርጓሚ ነው። ሥራው የተጀመረው በ1993 እ.ኤ.አ. ሲሆን የዊንዶውስን ጥያቄ እየሰማ በሊኑክስ ቋንቋ ያቀርባል። ፕሮግራሙን ለሊኑክስ እንደገና መሥራት ቋንቋ መማር ነው። በፕሮግራሙ ምትክ አቻውን መያዝ ደግሞ ሌላ ሻጭ መፈለግ ነው።

ሲስተም ሲለወጥ የቀድሞውን ፕሮግራም ይዞ የመሻገር ጉዳይ አዲስ ጭንቀት አይደለም። አይቢኤም ሚያዝያ 7 ቀን 1964 እ.ኤ.አ. «ሲስተም 360» የተባለውን የኮምፒውተር ቤተሰብ ሲያስተዋውቅ ዋናው መመኪያው፤ ለትንሹ ማሽን የተጻፈ ፕሮግራም በትልቁም ይሠራል የሚል ነበር። ከዚህም በላይ «1401» ለሚባለው ለቀድሞ ማሽኑ የተጻፉት ፕሮግራሞች በአንዳንዶቹ አዳዲስ ማሽኖች ላይ አስመስሎ በመሥራት ዘዴ እንዲሄዱ አደረገ። ደንበኛው ማሽን የሚገዛው ለሥራው እንደ ሆነ፤ ሥራውን ጥሎ እንደማይከተለውም ተረድቶ ነበር። ይህ ማስተዋል ዛሬም ለኛ ያስፈልገናል።

ማይክሮሶፍትም የቀድሞዎቹን ፕሮግራሞች ይዞ በመሻገር ብዙ ደክሟል። ለ32 ቢት ዊንዶውስ የተሠሩ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ በዊንዶውስ 11 ላይ እስከ ዛሬ ይሠራሉ። ነገር ግን በ16 ቢት ዘመን የተሠሩት በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይነሡም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የሚወጣው በ64 ቢት ብቻ ስለ ሆነ ለነዚያ በሩ ተዘግቷል። እንግዲህ «ዊንዶውስን በዊንዶውስ ብንለውጥ ምንም አይቀርብንም» የሚለውም አሳብ ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም።

የኛ ችግር ለምን ድርብ ሆነ

እስካሁን የተናገርሁት በየትኛውም አገር ያለውን ነው። በኛ ላይ ግን ሌላ ሸክም ተጨምሯል፤ እርሱም የፊደላችን ጉዳይ ነው።

ፊደላችን በ33 ዋና ፊደላትና በ7 ቤት 231 ቅርጽ አለው። ዲቃሎቹ፤ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ይበልጣል። ይህ ብዛት በጽሕፈት መኪና ዘመንም ያስቸግር ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሡ የገጠማቸው ፈተና ይህን ሁሉ ቅርጽ በጥቂት ቁልፎች ላይ ማስፈር ነበር። መላውም የፊደሉን አካል ለብቻ፤ ቅጥያውን ለብቻ መትቶ ማገጣጠም ሆነ።

ኮምፒውተር ሲመጣ ችግሩ በሌላ መልክ ተመለሰ። የዚያን ጊዜ ፎንቶች 256 ቦታ ብቻ ነበራቸው፤ ከዚያውም የተወሰነው ለማሽኑ ትእዛዝ የተከለለ ነው። ስለዚህ የአማርኛ ሶፍትዌር የሠሩት ሰዎች የላቲኑን ቦታ ወስደው የኛን ፊደል ሰፈሩበት። ቦታው ባልበቃ ጊዜ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት አካፈሉት፤ ወይም እንደ ጽሕፈት መኪናው ከቁርጥራጭ ገጣጠሙት። በዘመኑ ብልሃት ነበር፤ ሊመሰገኑም ይገባል። ፓወር ግዕዝ፤ ቪዥዋል ግዕዝ፤ አጋፋሪ፤ ብራና የሚባሉት ሁሉ የአገሪቱን ጽሕፈት ቤቶች ለብዙ ዓመታት ያገለገሉ ናቸው።

ችግሩ እያንዳንዱ ሠሪ ፊደሉን ያሰፈረው በገዛ ራሱ ሥርዓት መሆኑ ነው። በአንደኛው ፎንት «ሀ» የተቀመጠበት ቦታ በሌላው ፎንት ሌላ ፊደል ይዟል። ኮምፒውተሩ በፋይሉ ውስጥ የሚያስቀምጠው ደግሞ ቅርጹን ሳይሆን የቦታውን ቍጥር ነው። ፎንቱ ካለ ቍጥሩ «ዳንግላ» ተብሎ ይነበባል። ፎንቱ ከሌለ ያው ቍጥር የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ ነገር ግን የሚያነበው የለም።

ነገሩን በአንድ ንጽጽር ልግለጽ። በዳንግላ ተቀምጦ የነበረው የእንግሊዝ ቆንሲል ሜጀር ቺስማን ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ በ1936 እ.ኤ.አ. ታተመ። ያን መጽሐፍ ዛሬ ያገኘ ሰው ገልጦ ያነበዋል፤ ምንም መሣሪያ አያስፈልገውም። በየገዳማቱ ያሉት ብራናዎች ዕድሜያቸው በመቶ ዓመታት ይቈጠራል፤ ይነበባሉ። ከ20 ዓመት በፊት በኮምፒውተር የተጻፈ ደብዳቤ ግን አዲስ ማሽን ላይ ሲከፈት ፊደሉ ተበትኖ ይገኛል። የፊደል ባለቤት ሆነን የገዛ ጽሑፋችንን ማንበብ ሲያቅተን የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት በኛ ደረሰ ማለት ነው። ግሽ ዓባይ ደግሞ ከዚህ ሩቅ አይደለም።

መፍትሔው ከተገኘ ቆይቷል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ዶክተር አበራ ሞላን፤ ፍስሓ አጥላውንና ዳንኤል ያዕቆብን የመሰሉ ኢትዮጵያውያን ፊደላችንን ከኮምፒውተር ለማስማማት ደክመዋል። በመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለፊደላችን 345 የራሱ የሆኑ ቦታዎች ሰጠው። ከዚያ ወዲህ የ«ሀ» ቍጥር በዓለም ሁሉ 4608 ነው፤ የ«ለ» ቍጥር 4616 ነው። በዊንዶውስ ቢሆን፤ በሊኑክስ ቢሆን፤ በእጅ ስልክ ቢሆን አይለወጥም። ዩኒኮድ ከዚያ በኋላ በወጡት እትሞቹ ለሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላትን አክሏል። በዊንዶውስ ቪስታ ጊዜ ኒያላ የሚባለው የዩኒኮድ ፎንት ከሲስተሙ ጋር መጣ። አቢሲኒካና ኖቶ የሚባሉት ፎንቶች ደግሞ ለማንም በነፃ ይገኛሉ።

ታዲያ መፍትሔው ካለ ችግሩ ለምን ቆየ? ልማድ ስለ ሆነ ነው። የድሮው ፕሮግራም ተጭኗል፤ ጸሐፊዋ ለምዳዋለች፤ ደብዳቤው ታትሞ ይወጣል፤ ማኅተም ይመታበታል። ፋይሉ ነገ ይነበብ አይነበብ ማንም አይጠይቅም። ከፓወር ግዕዝና ከቪዥዋል ግዕዝ በኋላ የመጡት እትሞች ራሳቸው የዩኒኮድ ፎንት እያላቸው ብዙ ሰው ዛሬም በአሮጌው ፎንት ይጽፋል።

ሁለት የተሳሳቱ ምክሮች

በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። የመጀመሪያው «እስከ ዛሬ ሠርቶልናልና እንደ ነበረ ይቆይ» የሚል ነው። ይህ ምክር ማሽኑ አንድ ቀን እንደሚሰበር ይዘነጋል። ማሽኑ ሲሰበር አሮጌውን ሲስተም የሚቀበል ምትክ አይገኝም፤ የድሮውም ፕሮግራም መጫኛ ሲዲ የት እንደ ገባ አይታወቅም። የዚያን ጊዜ ምርጫ የለም፤ ኪሳራ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክር ከኛ ከወጣቶቹ የሚመጣ ነው። «ሊኑክስ በነፃ ይገኛል፤ በአሮጌ ማሽን ላይ ይሠራል፤ ቫይረስ አያስቸግረውም፤ ሁሉም ነገ ይግባበት» እንላለን። ከዚህ ውስጥ ብዙው እውነት ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሥራ ዛሬ የዓለምን ታላላቅ ኮምፒውተሮች ሁሉ ያንቀሳቅሳል፤ በኪሳችን ያለውም አንድሮይድ ስልክ የተመሠረተው በርሱ ላይ ነው። ኡቡንቱ 24.04 የተባለው እትም በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ለ5 ዓመት እድሳት ተመድቦለታል፤ ቲፒኤም አይጠይቅም፤ የዝርዝር ፕሮሰሰር አይጠይቅም። ቁልፉ ተሰብሮ በስርቆት ከሚጫን ዊንዶውስ ይልቅ ንጹሕ ሆኖ የሚገኝ ሲስተም መያዝ ለኅሊናም ለጥበቃም ይሻላል። ነገር ግን «ነገ ይግባበት» የሚለው ቃል ጸሐፊዋን ረስቷታል። ጣቶቿ ለ15 ዓመት የለመዱትን የፊደል አቀማመጥ በአንድ ሌሊት ወስደንባት «ሥሪ» ብንላት ትምህርታችን ለርስዋ ጠላት ሆነ ማለት ነው።

ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ ላንሣ። የጀርመን ከተማ ሙኒክ በ2003 እ.ኤ.አ. የመሥሪያ ቤቶቿን ኮምፒውተሮች ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ለማዛወር ወሰነች። ሥራው 10 ዓመት ያህል ፈጅቶ በ2013 እ.ኤ.አ. ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ማሽኖች ተዛወሩ። ከባዱ ድካም ሊኑክስን መጫኑ አልነበረም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ተበትነው የነበሩትን በሺህ የሚቈጠሩ ቅጾችና በዎርድ ውስጥ የተሠሩ አጫጭር ፕሮግራሞች ሰብስቦ ወደ አዲሱ ማዛወሩ ነበር። ለዚህም የራሳቸውን ፕሮግራም እስከ መሥራት ደርሰዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ የከተማው ምክር ቤት ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። አንዱ ወገን ምክንያቱ ፖለቲካ ነው ይላል፤ ሌላው የሠራተኛው ቅሬታ ነው ይላል። እኛ ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግን አንድ ነው፤ ሸክሙ ያለው በሲስተሙ ላይ ሳይሆን በቅጹና በፋይሉ ላይ ነው። ሀብታሟ ሙኒክ በዚህ 10 ዓመት ከደከመች እኛ በአንድ ክረምት እንጨርሳለን ብንል ራሳችንን እናታልላለን።

ምን ምን ይሠራል፤ ምን ምን አይሠራም

አሁን በእጃችን ያሉትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ እንመልከት።

የኢንተርኔት መመልከቻዎቹ ክሮምና ፋየርፎክስ በሊኑክስም አሉ፤ ቴሌግራምም አለ። በዚህ በኩል የሚጐድል ነገር የለም። በዎርድና በኤክሴል ፋንታ ሊብረኦፊስ አለ፤ የዎርድን ፋይል ይከፍታል፤ ያስቀምጣል። ነገር ግን ሠንጠረዥና ሥዕል የበዛበት ሰነድ ላይ አሰላለፉ ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ ወደ መምህር የሚሰጥ የመጨረሻ ጽሑፍ በፒዲኤፍ ቢሆን ይሻላል።

ለመመረቂያ ጽሑፍ መረጃ የሚተነትኑ ተማሪዎች ኤስፒኤስኤስን ለምደዋል። ፒኤስፒፒ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የኤስፒኤስኤስን ፋይል ይከፍታል፤ የተለመዱትን ስሌቶች ይሠራል፤ የላቁት ሁሉ ግን የሉትም። አር የሚባለው ከዚያ በላይ ይሄዳል፤ ነገር ግን ትእዛዝ መጻፍ ይጠይቃል። የካርታ ሥራ ለሚሠሩ በአርክጂአይኤስ ፋንታ ኪውጂአይኤስ አለ። ለአውቶካድ ግን ሙሉ ምትክ የሚሆን ነፃ ፕሮግራም አለ ብዬ ልዋሽ አልፈልግም፤ የምህንድስና ተማሪ ዊንዶውስ ያስፈልገዋል።

ሒሳብ ሠራተኞቻችን የሚሠሩበት ፒችትሪ ስሙ ተለውጦ ሴጅ 50 ከተባለ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። የድሮው እትም ግን ዛሬም በብዙ ቦታ መዝገብ ይይዛል። የዚህን መዝገብ ያለበትን ማሽን መንካት አያስፈልግም። ከኢንተርኔት ተለይቶ፤ ሌላ ሰው ፍላሽ ሳይሰካበት፤ ለሒሳብ ሥራ ብቻ ይቀመጥ፤ መጠባበቂያ ቅጂውም በየሳምንቱ ይወሰድ።

የአማርኛ መጻፊያዎቹን በሚመለከት ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እነዚህ ፕሮግራሞች የሚሠሩት ከተመቱት ቁልፎች መካከል ገብተው ፊደሉን በመለወጥ ነው። ዋይን በሚባለው አስተርጓሚ በኩል ቢነሡ እንኳ ከዋይን ውጭ ባሉት የሊኑክስ ፕሮግራሞች ላይ አይጽፉም። ስለዚህ በአስተርጓሚ ከመንገታገት ኪማንን የመሰለ መጻፊያ መያዝ ይሻላል። ኪማን በነፃ ይገኛል፤ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል። የፊደል አቀማመጡንም ሙያው ያለው ሰው እንደ ገና ሊያዘጋጀው ይችላል። እንግዲህ የጸሐፊዋን ጣቶች ከምናስቸግር አቀማመጡን ለጣቶቿ ማዘጋጀት ይቻላል ማለት ነው። ይህ ለአንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የክረምት ሥራ ነው።

ሁለቱንም ሲስተም ይዞ መኖርም ይቻላል። አንዱ መንገድ ዲስኩን ከፍሎ ዊንዶውስንና ሊኑክስን ጎን ለጎን መጫን ነው፤ ማሽኑ ሲነሣ የትኛውን እንደሚፈልጉ ይጠይቃል። ሌላው መንገድ በሊኑክስ ውስጥ ቨርቹዋልቦክስን በመሰለ ፕሮግራም አሮጌውን ዊንዶውስ እንደ እንግዳ ማሳደር ነው። በዚህ ዘዴ የ16 ቢት ፕሮግራም እንኳ ከ32 ቢት ዊንዶውስ ጋር ይኖራል። ነገር ግን ሁለት ሲስተም ባንድ ጊዜ ስለሚሠራ ራሙ ከ8 ጊጋባይት ባያንስ ይመረጣል።

የሥራው ቅደም ተከተል

ነገርን ከሥሩ፤ ውሃን ከጥሩ ነውና በምን ቅደም ተከተል መሥራት እንደሚገባ ልናገር።

አንደኛ፤ ማሽኑን ሳትነኩ ዝርዝር ጻፉ። ሠራተኛዋ አጠገብ ተቀምጣችሁ በሳምንት ውስጥ የምትሠራበትን ፕሮግራም ሁሉ መዝግቡ። ፕሪንተሩንና ስካነሩንም አትርሱ፤ ሲስተሙ ተለውጦ ፕሪንተሩ ዝም ቢል መሥሪያ ቤቱ ቆመ ማለት ነው።

ሁለተኛ፤ ፋይሉን ሁሉ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ቅዱ። ከነዚህ አንዱ ከቤቱ ውጭ ይቀመጥ። ቅጂው መከፈቱን ሳታረጋግጡ ተቀዳ አትበሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ይህ ሥራ መቅደም አለበት።

ሦስተኛ፤ ጽሑፉ በምን ፎንት እንደ ተጻፈ መርምሩ። መመርመሪያው ቀላል ነው፤ በቅጂው ላይ ጽሑፉን መርጣችሁ ፎንቱን ወደ ኤሪያል ለውጡት። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው። ወደ ላቲን ዝብርቅርቅ ከተለወጠ በአሮጌው ሥርዓት የታሰረ ነው።

አራተኛ፤ የታሰረውን ፍቱ። ከመለወጣችሁ በፊት አሮጌው ፎንት ባለበት ማሽን ላይ እያንዳንዱን ሰነድ ፎንቱን ጨምሮ በፒዲኤፍ አስቀምጡ፤ ይህ ምስክር ይሆናችኋል። ከዚያ ያንን ፎንት በሚያውቅ መለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ለውጡና ከምስክሩ ጋር አስተያዩ። ስሕተት የሚበዛው በዲቃሎቹ፤ በግዕዝ አኃዞችና በሥርዓተ ነጥቦች ላይ ነው። በመካከል የገባ የእንግሊዝኛ ቃልም አብሮ ወደ አማርኛ እንዳይገለበጥ ተጠንቀቁ። የሰው ስምና የገንዘብ መጠን ያለበትን ሰነድ ሁለት ሰዎች እያነበቡ ያስተያዩት።

ይህ ሥራ ድካም ቢኖረውም ዋጋው ወዲያው ይታያል። በአሮጌው ፎንት የተጻፈ የተማሪዎች ስም ዝርዝር በፊደል ተራ ሲደረደር የሚሰለፈው በተደበቀው የላቲን ቍጥር ነበር። በዩኒኮድ ግን በሀ ሁ ተራ ይሰለፋል። አንድ ስም ቢፈለግ በአንድ ጊዜ ይገኛል።

አምስተኛ፤ አሁን ሲስተሙን ምረጡ። ሊኑክስን ሳትጭኑ በፍላሽ አስነሥታችሁ መሞከር ይቻላል፤ ፕሪንተሩ፤ ኔትወርኩ፤ ስክሪኑ መሥራቱን ተመልከቱ። በአንድ ማሽን ላይ ጫኑ፤ አንድ ሠራተኛ አንድ ወር ትሥራበት፤ የምትለውን ስሙ። ከዚያ በኋላ ለሌሎቹ ይዳረሳል። ምርጫው ዊንዶውስ 11 ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው።

የኛ ድርሻ

ክቡራን መምህራን፤ ውድ ጓደኞቼ፤

አሁን በየመሥሪያ ቤቱ፤ በየትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥንና ዲስክ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ደብዳቤ ብቻ አይደለም። በዞናችን በአዊኛ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ሲሰጥ የቆየ ስለ ሆነ መምህራኑ ያዘጋጁት ማስተማሪያ አለ፤ የተሰበሰበ ተረት አለ፤ የቃላት ዝርዝር አለ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ቢጠፋ በሌላ ቦታ ሺህ ቅጂ ይገኛል። በአዊኛ የተጻፈ ነገር ግን ያለው አንድ ቅጂ ሊሆን ይችላል። ያም አንድ ቅጂ በማይነበብ ፎንት ከታሰረና ማሽኑ ፎርማት ከተደረገ የሚመልሰው ኃይል የለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። ተማሪዎች በዕረፍታችን ጊዜ ወደ ተማርንባቸው ትምህርት ቤቶች ሄደን፤ በአስተዳደሩ ፈቃድ፤ ከላይ የዘረዘርሁትን ምዝገባና ቅጂ እንጀምር። ማሽን ለመለወጥ አንቸኵል፤ በዚህ ክረምት ጽሑፉን ብንፈታ ይበቃል። መምህራን ደግሞ ተማሪውን በአንድ ኩባንያ ፕሮግራም ብቻ ሥራ ብለው እንዳያስገድዱ፤ ጽሑፍ በፒዲኤፍ ሲቀርብላቸው እንዲቀበሉ እለምናለሁ። የኮምፒውተር መምህራንም የአንዱን ፕሮግራም ቁልፍ ከማስጠናት ይልቅ ፋይል ምን እንደ ሆነ፤ ፊደል በማሽን ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ቢያስተምሩ ተማሪው በየትኛውም ሲስተም አይደናገርም። ማኅበራችን በበኩሉ ይህን በስቴንሲል የሚባዛ ጋዜጣ በወረቀት ማሠራጨቱን ሳይተው ፋይሉን በዩኒኮድ ያስቀምጥ፤ የቀድሞዎቹን እትሞችም ያስለውጥ። ሌላውን ከመምከራችን በፊት የራሳችንን ቤት እናጽዳ።

ማንም ሰው ዊንዶውስ ይምረጥ ወይም ሊኑክስ ይምረጥ እኔ አልጣላውም። ኩባንያዎች ይለዋወጣሉ፤ እትሞች ያረጃሉ፤ ዛሬ የምናመሰግነውም ሲስተም አንድ ቀን ድጋፉ ይቆማል። ያን ጊዜ የሚመጡት ተማሪዎች እኛ የጻፍነውን ከፍተው ማንበብ ከቻሉ ምርጫችን ትክክል ነበር ማለት ነው። ካልቻሉ ግን የትኛውን እንደ መረጥን ማወቅ ምንም አይጠቅማቸውም።